ዚን ሞ ክፍል ውስጥ እንድትናገር ለማድረግ የተጠራ አስቸኳይ ስብሰባ

የኦተር ቤንድ ኮሙኒቲ ኮሌጅ
የውጭ አገር ተማሪዎች ኮሚቴ

ዕለት፦ ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 18

ቦታ፦ የተማሪዎች ሕንፃ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ የፈንዲሻ ማሽኑ የሚቀመጥበት ክፍል። የተለመደው አዳራሽ ለዮጋ ተሰጥቷል።

ሰዓት፦ ለዘጠኝ ተኩል ተጠርቶ ዐሥር ከሩብ ላይ ተጀመረ።

ሊቀመንበሩ “የተባለው ሁሉ አንድም ሳይቀር ይጻፍ” ብለው ስላዘዙ የተባለው ሁሉ ተጽፏል። በኋላ “ይህን መች አልኩ” የሚል ካለ ከሊቀመንበሩ ጋር ይነጋገር።

የተገኙ፦

1. ቶልጋ ሳሪካያ፣ ከቱርክ፤ ሊቀመንበር። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ “አንቱ” የተባሉት በራሳቸው ጥያቄ ነው። ከበሩ ውጭ ቶልጋ ነው።

2. ሪስካ፣ ከኢንዶኔዥያ፤ ምክትል ሊቀመንበር። በተባለው ሰዓት የደረሰች ብቸኛዋ አባል ስትሆን፣ ሌሎቹን አሳፍሬ ከሆነ ብላ ይቅርታ ጠይቃለች።

3. ወይዘሮ ማርጅ ሃልቮርሰን፣ ከዚሁ ከተማ፤ የነዋሪው ተወካይ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የትምህርት ቤት አውቶብስ ነድተው ጡረታ የወጡ ናቸው። ኮሌጁ ለአረጋውያን በሩን ከከፈተ ወዲህ ያልተማሩት ትምህርት ብየዳ ብቻ ነው፤ እሱንም ለሚቀጥለው ዓመት ይዘውታል። “ወይዘሮ የሚለውን አንሱልኝ” ብለዋል፤ የጸሐፊዋ እጅ ግን እምቢ ብሏል።

4. ኖሚን፣ ከሞንጎሊያ፤ ጸሐፊ። የተመረጠችው በምርጫው ሰዓት መጸዳጃ ቤት ስለነበረች ነው።

5. ዚን ሞ፣ ከበርማ። የኮሚቴው አባል አይደለችም። አጀንዳ ናት።

ያልተገኙ፦ የኮሚቴው አማካሪ። ሌላ ስብሰባ እንዳለባቸው አሳውቀዋል። ሌላው ስብሰባ የተጠራው ስብሰባ ስለበዛ ምን ይሻላል በሚል እንደሆነ ሰምተናል።

ምልዓተ ጉባኤን በተመለከተ፦

የኮሚቴው ደንብ አምስት ሰው ካልተገኘ ስብሰባው ስብሰባ አይደለም ይላል። ከዚያ በላይ የሚያሳስበው ደግሞ ኮሌጁ ፒዛ የሚያዘው አምስት ሰው ለተገኘበት ስብሰባ ብቻ መሆኑ ነው። የተገኙት አባላት አራት ናቸው። ሊቀመንበሩ ዚን ሞን አምስተኛ አድርገን እንቁጠር አሉ። ሪስካ አጀንዳ እንደ ሰው ይቆጠራል ወይ ብላ በትሕትና ጠየቀች። ሊቀመንበሩ ደንቡ “አምስት ሰው” እንጂ “አምስት አባል” እንደማይል፣ ዚን ሞ ሰው መሆኗንም የሚጠራጠር ካለ እጁን እንዲያወጣ ጠየቁ። እጅ ያወጣ የለም።

ሆኖም የራሷ ጉዳይ የሚታይላት ሰው በውይይቱ መሃል መግባት ስለማይገባት፣ ሁሉም ተናግረው ሲያበቁ በመጨረሻ ዕድል እንዲሰጣት ተወሰነ። ዚን ሞ እሺ በማለት ራሷን ነቀነቀች።

አጀንዳ አንድ፦ ፒዛ

ሊቀመንበሩ ሆድ ባዶ ሆኖ የሰው ጉዳይ አይታይም በማለት ይህን አጀንዳ ወደ ፊት አመጡት። ሪስካ የአሳማ ሥጋ እንዳይኖርበት ጠየቀች። ሊቀመንበሩም እኔም አልበላም አሉ። ወይዘሮ ማርጅ ባለፈው ወር በስፖርት ቀን ሲበሉ አይቻቸዋለሁ አሉ። ሊቀመንበሩ ያን ዕለት ጨለማ ነበር ብለው መለሱ። ወይዘሮ ማርጅ ስፖርቱ የተካሄደው ቀን በቀን እንደነበር ካስታወሱ በኋላ፣ ነገሩ ወደ ሃይማኖት እንዳይሄድ ሪስካ ሁለቱንም ይቅርታ ጠየቀች።

ወይዘሮ ማርጅ አናናስ ያለበት ይሁን አሉ። ሊቀመንበሩ አናናስ በዳቦ ላይ ማድረግ ነውር ነው አሉ። ጸሐፊዋ አገሯ ስጋ በስጋ ላይ ነው የሚደረገው ብትልም የሰማት የለም። ረዘም ያለ ውይይት ከተደረገ በኋላ፣ ግማሹ አናናስ ግማሹ እንጉዳይ ሆኖ፣ ሊቀመንበሩ አናናሱን እንዳያዩት ሣጥኑ ዞሮ እንዲቀመጥ ተወሰነ። ዚን ሞ ምን እንደምትወድ አልተጠየቀችም፤ ተራዋ አልደረሰም ነበር።

አጀንዳ ሁለት፦ የዚን ሞ ጉዳይ

ሊቀመንበሩ ጉዳዩን እንዲህ አስረዱ። ዚን ሞ የኅብረተሰብ ሳይንስ መግቢያ የሚባለውን ትምህርት ትወስዳለች። የጽሑፍ ፈተናውን ሁሉ ሠርታለች። መምህሩ ሚስተር ኮልቪን ግን ክፍል ውስጥ አፉን ያልከፈተ ተማሪ ፈተናውን ምንም ያህል ቢሠራ አላሳልፍም ባይ ናቸው፤ ይህንንም በመጀመሪያው ቀን ለሁሉም ተናግረዋል። ትምህርት ከተጀመረ ይኸው ዘጠነኛው ሳምንት ነው። ዚን ሞ እስከ ዛሬ ትንፍሽ አላለችም።

ስለዚህ ወድቄ ከምታይ ብላ ነገ ትምህርቱን ልትተወው ወስናለች። ከተወችው የሙሉ ጊዜ ተማሪነቷ ያከትማል። ያ ሲያከትም ቪዛዋም አብሮ ያከትማል። ከዚያ ወዲያ ያለው አውሮፕላን ነው። ማንዳሌ ያለችው እናቷ ደግሞ ባለፈው እሑድ ደውላ፣ በሰፈሩ የነበሩ ልጆች አንድ በአንድ ለጦርነት እየተወሰዱ ስለሆነ ምንም ቢሆን አሁን ድርሽ እንዳትዪ ብላታለች።

እዚህ ላይ ለጥቂት ጊዜ ስለ ፒዛው የጠየቀ የለም።

ቀጥሎ ወይዘሮ ማርጅ ያንኑ ትምህርት ከዚን ሞ ጋር አብረው ስለሚወስዱ የዓይን ምስክርነት እንዲሰጡ ተጠየቁ። እሳቸውም ልጅቷ ከእሳቸው ሁለት ወንበር ራቅ ብላ እንደምትቀመጥ፣ ጨዋ እንደሆነች፣ ስታዳምጥ ዓይኗን እንደማትነቅል፣ እንዲህ የሚያዳምጥ ልጅ አውቶብሳቸው ውስጥ አንድ ቢኖር ኖሮ ደም ብዛት ባልያዛቸው እንደነበር ተናገሩ። ከዚያ ስለ አውቶብሱ ማሞቂያ፣ ስለ ቀድሞ ባላቸው ስለ ላይል፣ ስለ ላይል እህት አስረዱ። ጸሐፊዋ ሦስት ገጽ ጽፋ እጇን ስላመማት ሰርዛዋለች።

ክፍሉ ምን እንደሚመስል ሲጠየቁ እንዲህ አሉ፦ “ሰውዬው ይጠይቃል፤ ልጆቹ ጫማቸውን ያያሉ። እነዚህን ልጆች ላድን ብዬ እኔ እመልሳለሁ። እኔ ባልኖር እኮ ያ ክፍል መቃብር ነው።” ሊቀመንበሩ ለዚህ በጎ ሥራቸው በኮሚቴው ስም አመሰገኑ።

ጸሐፊዋ ልጅቷ እዚሁ ስለተቀመጠች ለምን እንደማትናገር ራሷን ብንጠይቃትስ አለች። ሊቀመንበሩ ዚን ሞ የምትናገረው ሁሉም ካበቃ በኋላ መሆኑ የተወሰነ ጉዳይ ስለሆነ አሠራር እንዳይበላሽ አሳሰቡ። ከዚያ የመፍትሔ ሐሳቦች መቅረብ ጀመሩ።

አንደኛ ሐሳብ። ሊቀመንበሩ ራሳቸው ከነገ ጀምሮ ክፍሉ ውስጥ ገብተው የዚን ሞ ቃል አቀባይ እንዲሆኑ ሐሳብ አቀረቡ። አሠራሩን ሲያብራሩ፣ “እሷ ታስባለች፣ እኔ እናገራለሁ” አሉ። ሪስካ ትምህርቱን ወስደውት ያውቁ እንደሆነ ጠየቀች። ሊቀመንበሩ የሚያውቅ ሰው ሲናገር እንደሚያመነታ፣ እሳቸው ግን ምንም ስለማያውቁ እንደማያመነቱ ገለጹ። ጸሐፊዋ እንግዲያው የምታልፈው አንተ ትሆናለህ እንጂ እሷ አይደለችም አለች። በዚህ ላይ የሰላ ቃል ልውውጥ ተደረገ። በመጨረሻ በሁለት ድጋፍ፣ በአንድ ተቃውሞና በአንድ ድምፀ ተዓቅቦ ጸደቀ። ድምፀ ተዓቅቦ ያደረገችው ሪስካ ሁለቱንም ወገን ይቅርታ ጠይቃለች።

ሁለተኛ ሐሳብ። ሪስካ ሚስተር ኮልቪን ዚን ሞን በስሟ ጠርተው እንዲጠይቋት በደብዳቤ እንለምናቸው አለች። ወይዘሮ ማርጅ ይህ ተሞክሮ እንዳልተሳካ አስረዱ። በሁለተኛው ሳምንት መምህሩ በስሟ ጠርተዋት ነበር። ዚን ሞ ብድግ አለች፤ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣጥፋ አንገቷን ደፋች። በአገሯ አስተማሪ ፊት የሚቆመው እንዲህ ነው። ሚስተር ኮልቪን ግን እጅ ሲጣጠፍ አይተው ልጅቷን አስቆጣኋት ብለው ደነገጡ፤ ይቅርታም ጠየቋት። ወይዘሮ ማርጅም ነገሩን ለማብረድ “ተዋት፣ ፋታ ስጣት” ብለው ለመምህሩ ስለ ትዕግሥት ማስረዳት እንደጀመሩ፣ እያስረዱ ሳለ ክፍለ ጊዜው እንዳለቀ ተናገሩ።

ከሰፊ ውይይት በኋላ ደብዳቤው ቀርቶ፣ ዚን ሞ ከነገ ጀምሮ ስትነሣ እጆቿን ኪሷ ውስጥ እንድትከት ተወሰነ። ጸሐፊዋ ዚን ሞ የለበሰችው ቀሚስ ኪስ እንደሌለው አመለከተች። ጉዳዩ ለሪስካ ተመራ።

ሦስተኛ ሐሳብ። ወይዘሮ ማርጅ የልጅቷ ችግር ዕውቀት ሳይሆን ሰው ሲናገር ጣልቃ መግባት አለመቻል ነው አሉ። “እዚህ አገር ተራ የሚሰጥሽ የለም፤ ትነጥቂያለሽ” ሲሉ ለዚን ሞ ነገሯት። ስለዚህ እዚያው ስብሰባው ላይ ጣልቃ የመግባት ልምምድ እንዲደረግ ጠየቁ። በሙሉ ድምፅ ጸድቆ ወዲያው ተጀመረ።

በመጀመሪያ ሊቀመንበሩ በአገራቸው በቡርሳ ከተማ ስለሚበቅለው የኮክ ፍሬ እንዲናገሩ፣ ሪስካ ደግሞ እንድታስቆማቸው ተደረገ። ሪስካ እጇን አውጥታ ጠበቀች። ለምን እንዳልገባች ስትጠየቅ፣ ስለ ኮኩ የሚያወሩት ደስ ስላላት ዝም እንዳለች ተናገረች። በድጋሚ ስትሞክር፣ “ይቅርታ፣ ካላስቸገርኩ፣ የሚቻል ከሆነ፣ አሁን ጣልቃ ልገባ ነው” አለች። ይህን ብላ ስትጨርስ ሊቀመንበሩም ጨርሰው ነበር። ግማሽ ተብሎ ተያዘላት።

ጸሐፊዋ በተራዋ ሊቀመንበሩን “ዝም በል” በማለት አስቆመች። ሊቀመንበሩ ይህ ልምምድ ሳይሆን ቂም ነው በማለት ተቃውሟቸውን አስመዘገቡ። ተመዝግቧል።

ቀጥሎ ሊቀመንበሩ ወይዘሮ ማርጅን እንዲያስቆሙ ተደረገ። ገቡባቸው። ወይዘሮ ማርጅ አልቆሙም። ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ አንዱ ስለ ኮክ አንዷ አውቶብሳቸው በረዶ ውስጥ ተቀርቅሮ ስላደረበት ዓመት፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተናገሩ። ከአዳራሹ አንዲት የዮጋ ተማሪ ባዶ እግሯን መጥታ ሰላም ፍለጋ የመጣን ሰዎች ነን፣ እባካችሁ አለች። አሸናፊው ማን እንደሆነ እስከ አሁን አልተስማሙም።

በመጨረሻ ተራው የዚን ሞ ሆነ። ወይዘሮ ማርጅ ሊናገሩ፣ እሷ ጣልቃ ልትገባባቸው። ወይዘሮ ማርጅ “አትፍሪኝ፣ ዝም ብለሽ ግቢብኝ” ብለዋት ስለ በረዶው ካቆሙበት ቀጠሉ። ዚን ሞ ዓይኗን ሳትነቅል አዳመጠቻቸው። አንዴ ከንፈሯ ተንቀሳቅሶ ነበር፤ ነገር ግን ወይዘሮ ማርጅ “አዎ ጎበዝ፣ እንደሱ” ብለው ሲያበረታቷት መልሳ ገጠመችው። ልምምዱ በሰዓት እጥረት ምክንያት ቆመ። ወይዘሮ ማርጅ ልጅቷ ጥሩ ለውጥ እያሳየች ነው የሚል አስተያየት ሰጡ።

አራተኛ ሐሳብ። ወይዘሮ ማርጅ መኪና ማቆሚያቸው ውስጥ ከአውቶብስ ጎን እየተዘረጋ ትራፊክ የሚያስቆም ቀይ የ“ቁም” ሰሌዳ እንዳላቸው ገለጹ። እንዴት እሳቸው ጋ እንደቀረ የጠየቀ የለም። ዚን ሞ መናገር ስትፈልግ ይህን ሰሌዳ ከፍ ታድርግ፤ እንኳን ክፍል ውስጥ ያለ ሰው የእንጨት ጫኝ መኪና እንኳ ይቆምለታል አሉ። ሊቀመንበሩ መብራቱም ቢገጠምለት የሚል ማሻሻያ አከሉ። ሪስካ ሚስተር ኮልቪን ይደነግጡ ይሆን ወይ ብላ ሰጋች። ወይዘሮ ማርጅ ትንሽ መደንገጥ ለደም ዝውውር ጥሩ ነው አሉ። ከረጅም ውይይት በኋላ ሐሳቡ ከነመብራቱ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ሊቀመንበሩ ኮሚቴው በአንድ ከሰዓት በኋላ ይህን ያህል ሠርቶ እንደማያውቅ ገልጸው፣ የዚን ሞ ጉዳይ እልባት እንዳገኘ ሊያበስሩ ሲሉ ፒዛው ደረሰ።

ከፒዛው በኋላ የሆነው፦

አይቡ ገና ይፍለቀለቅ ነበር። ወይዘሮ ማርጅ ፒዛ ሲበላ ጫፉ እንዴት እንደሚታጠፍ እያስረዱ ጎረሱ። ወዲያው አፋቸውን ያዙ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ሪስካ ውሃ ልታመጣ ሮጠች። ሊቀመንበሩም አፋቸው ሙሉ ነበር። ስብሰባው ከተጀመረ አንስቶ ክፍሉ ውስጥ ድምፅ ሲጠፋ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ዚን ሞ ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ ተነሥታ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣጠፈች።

“ወይዘሮ ማርጅ፣ ጨርሰዋል?” አለች።

ድምፅዋ ቀጭን አይደለም። ጸሐፊዋ ቀጭን ይሆናል ብላ ነበር የምታስበው።

ሊቀመንበሩ ጉርሻቸውን ሳይውጡ የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ፣ ዕድል አልተሰጣትም አሉ። ጸሐፊዋ “ቶልጋ፣ በሞቴ ዝም በል” አለች። ዝም አሉ። ወይዘሮ ማርጅ በእጃቸው ጨርሻለሁ የሚል ምልክት ሰጡ።

ዚን ሞ እንዲህ ስትል አስረዳች፦ “እኛ ጋ ታላቅ ሰው እየተናገረ አፍ አይከፈትም። ከጨረሰም በኋላ ወዲያው አይባልም፤ የረሳው ነገር ካለ እንዲጨምር ትንሽ ይጠበቃል። ከዚያ ነው ታናሽ የሚናገረው። እኔ በየሳምንቱ መልሴን አዘጋጅቼ እመጣለሁ። እርስዎ ይናገራሉ፤ እጠብቃለሁ። እርስዎ ግን ሁልጊዜ የረሱት ነገር አለ።”

ሪስካ ውሃውን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

ወይዘሮ ማርጅ ውሃውን ተቀብለው አልጠጡትም። “ዘጠኝ ሳምንት ሙሉ እኔን ስትጠብቂ?” ብለው ጠየቁ።

“አዎ።”

“ለምን አንቺ ሴትዮ በቃሽ አላልሽኝም?”

ዚን ሞ የሰማችውን ነገር ደግመው እንዳይሉት የፈራች ትመስል ነበር። ሪስካ በእሷም አገር እንዲህ ያለ ነገር ለትልቅ ሰው እንደማይባል፣ እሷም ባለፈው ወር ወይዘሮ ማርጅ ስለ ዳሌያቸው ቀዶ ጥገና ሲያጫውቷት ሁለት አውቶብስ እንዳመለጣት ከብዙ ይቅርታ ጋር ተናገረች። ሊቀመንበሩ እንግዲህ የችግሩ ምንጭ ከግራዬ ተቀምጦ አናናስ እየበላ ነው አሉ። ማንም አልሳቀላቸውም።

ወይዘሮ ማርጅ “እኔ እኮ ዝምታው ልጆቹን እንዳያሳፍራቸው ብዬ...” ብለው ጀመሩ። በመቀጠል ዝምታ በመጀመሪያው የሥራ ዓመታቸው አውቶብስ ውስጥ ምን እንዳደረጋቸው መግለጽ ጀምረው፣ ላይል ላይ ሲደርሱ በገዛ ፈቃዳቸው ቆሙ። “ላይልም ይህንኑ ነበር የሚለኝ” አሉ። ይህን ሲሉ ፊታቸው ቀልቶ ነበር፤ ጸሐፊዋ አዘነችላቸው፤ እንዲጻፍም ፈለገች።

“በይ ጨረስኩ። ከልቤ ነው። ተናገሪ” አሉ።

ዚን ሞ ጠበቀች። ሁላችንም ጠበቅን። ወይዘሮ ማርጅ አንዴ ትንፋሽ ስበው መዳፋቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ከዚያ ዚን ሞ፣ “በአራተኛው ሳምንት ሚስተር ኮልቪን ጎረቤት ማለት ማን ነው ብለው ጠይቀው ነበር” አለች። “እርስዎ ‘በዚህ ከተማ የሰው በር የሚያንኳኳ ሰው ጠፍቷል፤ ታምሜ ስተኛ እንኳ አንድ ሰው ብቅ አላለም’ አሉ። ልክ አይደለም።”

ሊቀመንበሩ በደስታ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረጉ። ወይዘሮ ማርጅ መዳፋቸውን አላነሡም።

“ታመው በተኙ ጊዜ ሾርባ ሠርቼ ቤትዎ መጥቻለሁ። ላንኳኳ ስል ከውስጥ ሲያወሩ ሰማሁ። ስልክ ላይ ናቸው ብዬ እስኪጨርሱ ደጃፍ ላይ ጠበቅሁ። እየመሸ ሄደ። የመጨረሻው አውቶብስ ሊያመልጠኝ ሆነ። ሾርባውን እኔው አውቶብስ ውስጥ ጠጣሁት። ስለዚህ የመጣ ሰው ነበረ። ይህንን ነበር የምመልሰው።”

ወይዘሮ ማርጅ መዳፋቸውን ከአፋቸው አነሡ። ስልክ ላይ እንዳልነበሩ ገለጹ። እንግዲያው ከማን ጋር ያወሩ እንደነበር ሪስካ ቀስ ብላ ጠየቀቻቸው። ከማንም ጋር እንዳልነበረ ገለጹ።

በዚህ ነጥብ ላይ ኮሚቴው ውይይት አላደረገም።

ሪስካ ወንበሯን አስጠግታ አጠገባቸው ተቀመጠች፤ ይቅርታ ግን አልጠየቀችም። ሊቀመንበሩ ትልቁን የአናናስ ቁራጭ በገዛ እጃቸው አንሥተው ለወይዘሮ ማርጅ ሰጡ።

በመጨረሻ ወይዘሮ ማርጅ የሌሎቹን ሳምንታት መልሶችም ይዛ እንደሆነ ዚን ሞን ጠየቋት። ሁሉንም እንደያዘች፣ ሦስቱ ላይ ከእሳቸው ጋር እንደማትስማማ መለሰች። ወይዘሮ ማርጅ የትኞቹ ሦስቱ ብለው ከወንበራቸው ብድግ አሉና እንደገና ተቀመጡ። ነገ ከአንደኛው ሳምንት እንድትጀምር ነግረዋት፣ እሳቸው ከኋላ ተቀምጠው አፋቸውን በሻርፕ አስረው እንደሚያዳምጡ ቃል ገቡ። ዚን ሞ ዝም እንዲሉባት እንደማትፈልግ፣ ጨዋታቸው እንደሚጥማት፣ የበረዶው ታሪክ መጨረሻም እስከ ዛሬ እንዳልተነገራት ተናገረች። የምትለምናቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሲጨርሱ ጨረስኩ እንዲሉ። ወይዘሮ ማርጅ የበረዶው ታሪክ መጨረሻ እንደሌለው፣ ሰው ሁሉ ሳይጨርሱ ስለሚሄድባቸው መጨረሻ ሠርተውለት እንደማያውቁ ተናገሩ። ዛሬ ማታ ቤታቸው እራት ላይ እንዲሠሩለት ዚን ሞ ጠየቀቻቸው። ሊቀመንበሩ ይህ ከኮሚቴው ሥልጣን ውጭ ነው ብለው፣ እኔም ብመጣ ምን ይመስላችኋል ሲሉ ጨመሩ። እንዲመጡ ተፈቀደላቸው።

አጀንዳ ሦስት፣ ልዩ ልዩ፣ ስብሰባው ወደ ወይዘሮ ማርጅ መኪና እየሄደ ስለነበር አልታየም።

ውሳኔ፦

ስብሰባው ከምሽቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ላይ ደረጃው ላይ ተበትኗል። ከመበተኑ በፊት ሊቀመንበሩ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ፣ ማለትም ቃል አቀባዩ፣ የኪሱ ነገር፣ ጣልቃ የመግባት ልምምዱና ቀዩ ሰሌዳ ከነመብራቱ፣ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር ጠየቁ። ተስማምተናል። ዚን ሞ ከዚህ ስብሰባ በፊት የተወሰነ ነገርስ መሻር ይቻላል ወይ ብላ ጠየቀች። ሊቀመንበሩ ደንቡን ከኪሳቸው አውጥተው በደረጃው መብራት አገላብጠው አዩት፤ የሚከለክል አላገኙም። ስለዚህ ዚን ሞ ትምህርቱን ለመተው የወሰነችው ውሳኔም፣ ከላይ ካሉት ሁሉ ጋር፣ በአምስት ድምፅ ተሽሯል።